የጭቃ ጎማ ልክ አመራረጥ፦ ለሃይሉክስ፣ ለፕራዶና ለላንድክሩዘር 70

ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከዚህ የሚተልቅ ይገባለታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ መኪናው የሚሄድበት ጭቃ ከታቹ ጠንካራ መሬት አለው ወይስ የለውም? ሁለተኛ፣ ጎማው ታጥቦ ሳይሆን ጭቃ ለብሶ በፓራፋንጎው (ጎማው በሚዞርበት የቦዲው ሽፋን) ውስጥ መዞር ይችላል ወይ? የመጀመሪያው የጎማውን ስፋት ይወስናል፤ ሁለተኛው ቁመቱን። እነዚህን ሳያጣሩ ውድ ጎማ ያስገጠሙ መኪኖች ሐምሌ ላይ በትራክተር ሲጎተቱ ማየት የተለመደ ነው።

ስሌቶቹን የሠራነው በአገራችን ክረምት ከበጋ ገጠር ለገጠር በሚሠሩ መኪኖች ላይ ነው፤ 265/65 አር 17 ጎማ ባላቸው ሃይሉክስና ፕራዶ፣ እንዲሁም 7.50 አር 16 ወይም 265/70 አር 16 በሚያደርጉ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ፒክአፖችና ሃርድቶፖች ላይ። ሌላ መኪና ያለው ሰው ቁጥሩን በራሱ ተክቶ መሥራት ይችላል።

1. መጀመሪያ ያለውን ልክ ማንበብ

የሾፌሩን በር ይክፈቱ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ የፋብሪካው የጎማ ልክና የአየር መጠን የተጻፈበት ወረቀት ወይም ሳህን አለ። መነሻው ይህ ነው፤ አሁን መኪናው ላይ ያለው ጎማ አይደለም። በተለይ ያገለገለ መኪና ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ልኩን ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

265/65 አር 17 ማለት የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ዲያሜትር 17 ኢንች ነው። ሙሉ ቁመቱ እንዲህ ይሰላል፦ 265 በ0.65 ሲባዛ 172.25፤ ከላይም ከታችም ስለሆነ በ2 ሲባዛ 344.5። ቸርኬው 17 በ25.4 ሲባዛ 431.8። ሲደመር 776 ሚሊ ሜትር። 7.50 አር 16 ላይ ያለው 7.50 ስፋቱ በኢንች ነው፤ የጎኑ ቁመት አልተጻፈም፤ ሙሉ ቁመቱ ግን 805 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 31 በ10.50 አር 15 ዓይነት ጽሑፍ ሲያዩ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ ሙሉ ቁመቱ ነው፣ በኢንች።

በብዛት የሚነጻጸሩት ልኮች በሚሊ ሜትር፦

- 265/65 አር 17፦ 776
- 265/70 አር 16፦ 777
- 265/70 አር 17፦ 803
- 265/75 አር 16፦ 804
- 235/85 አር 16፦ 806
- 285/70 አር 17፦ 831
- 285/75 አር 16፦ 834
- 255/85 አር 16፦ 840

ይህ የስሌት ቁመት ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ወፍራም ስለሆነና አምራቾችም ስለሚለያዩ ትክክለኛው ቁመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ቦታው ጠባብ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ጎማውን ራሱን በሜትር ይለኩት።

ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። 235/85 አር 16 እና 265/75 አር 16 ቁመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የስፋታቸው ልዩነት ግን 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመሬት ከፍ የሚያደርገው ቁመት ነው፤ ስፋት መኪናውን አንድ ሚሊ ሜትር አያነሳም።

2. የጭቃውን ሥር ማወቅ

ዝናብ በጣለ ማግስት መኪናው ወደሚቸገርበት ቦታ ይሂዱና አንድ ሜትር ያህል የሚሆን የአርማታ ብረት በእጅዎ ወደ ጭቃው ይጫኑ። መንገዱ ላይ አምስት ስድስት ቦታ ይሞክሩ፤ የጎማ ቦዩ ውስጥም፣ መሐሉም፣ ዳሩም። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ሳይገባ ጠንካራ ነገር ከነካ፣ ጭቃው ሥር አለው። ግማሽ ሜትር ገብቶም ካልቆመ ሥር የለውም።

ሥር ላለው ጭቃ ጠባብና ረጅም ጎማ ይሻላል። የላዩን ልስላሴ ቆርጦ ይወርድና ጠንካራውን መሬት ይነክሳል። ሥር ለሌለው ረግረግና ለአሸዋ ደግሞ ሰፊ ጎማ አየር ተቀንሶለት ክብደቱን በትልቅ ቦታ ላይ ዘርግቶ ላዩ ላይ መሄድ አለበት፤ ጠባቡ እዚያ ቆፍሮ ይወርድና መኪናው በሆዱ ይቀመጣል።

ዋልካ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እሱ ላይ ነውና። በቾ፣ ግንጪ፣ ፎገራ፣ ጋምቤላ ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው። በክረምቱ መግቢያ፣ ሰኔ ላይ፣ የሚረጥበው የላዩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታቹ ገና ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሰፊ ጎማ የረጠበው ላይ እንደተኛ ይቀራል፤ ደረቁን አያገኘውም፤ መንገዱ ወደ ዳር ካዘነበለ መኪናው መሪ ሳይሰማ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ጠባቡ ግን ይቆርጣል። ነሐሴ ላይ ታሪኩ ይለወጣል፤ ውሃው ወደ ታች ገብቷል፣ ከባድ መኪና የሄደበት ቦይም ጥልቅ ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው፣ ማለትም የጎማው ቁመት።

ዋልካ ሌላም ጠባይ አለው፤ ይለጠፋል። ጎማው ጥቂት ዙር እንደዞረ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ይሞላል፤ ጥርሱ ካልተራገፈ አዲሱ ጎማ መላጣ ሆነ ማለት ነው። ጭቃውን የሚያራግፈው በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተትና የጎማው መሽከርከር ነው። ስለዚህ ለዋልካ ከልኩ እኩል የጥርሱ ዓይነት ይወስናል፤ በጣም የሰፋ ጎማ ደግሞ የሚሸከመው ጭቃ ስለሚበዛ ሞተሩ ያን ሁሉ ይዞ ይዞራል።

እኛ ለደጋው ዋልካና በጅማና በከፋ በኩል ላለው ቀይ አፈር የምንመክረው ከፋብሪካው ልክ ሳይሰፉ አንድ ደረጃ ቁመት መጨመር ነው። 265/65 አር 17 ያለው ወደ 265/70 አር 17 ይሂድ። 265/70 አር 16 ያለው ላንድክሩዘር፣ ቸርኬው ከፈቀደ፣ ወደ 235/85 አር 16 ወይም 265/75 አር 16። 7.50 አር 16 ያለው ደግሞ ልኩን ባይነካው ይሻላል፤ ያ ጠባብ ጎማ ለዚህ መሬት ተስማሚ ነው፤ የሚያስፈልገው ጥርሱን መቀየር ብቻ ነው። ወደ 285 መሄድ ያለበት ሥራው በአብዛኛው አሸዋ ወይም ሥር የለሽ ረግረግ የሆነ ሰው ነው።

3. ፓራፋንጎውን መለካት

መኪናው ሥራ ላይ የሚሸከመውን ያህል ጭነው ደልዳላ ቦታ ያቁሙት። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ይቁረጡ። መሪው ቀጥ እንዳለ በጎማው ዙሪያ ያሳልፉት፤ ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙረው ይድገሙት። ፊት ላይ የሚጠብቡት ቦታዎች የፓራውልቱ የኋላ ጥግ፣ የፓራፋንጎው የኋላ ፕላስቲክና የጭቃ መከላከያው፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ የአክስሉ ክንዶችና የፍሬን ቱቦው ናቸው። ኋላ ላይ ባሌስትራውንና የጭስ ማውጫውን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ጎማ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠንካራ መወጣጫ ላይ ቀስ ብለው ያውጡ፤ ወደ ላይ የተገፋው ጎማ ፓራፋንጎው ውስጥ ይገባል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ መሬት ላይ ላሉት ጎማዎች ታኮ ያድርጉ፣ እንደገና ይለኩ። ከዚያ በተቃራኒው ጎን ይድገሙት። ለመለካት ብለው በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አይግቡ።

የሚያስፈልገው ክፍተት እንዲህ ይታወቃል፦ የቁመቱ ጭማሪ ግማሽ፣ ሲደመር 3 ሳንቲ ሜትር ለጭቃ። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ሲኬድ ቁመቱ በ27 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ግማሹ 13.5 ነው። ስለዚህ አሁን ባለው ጎማ ዙሪያ በጠበበው ቦታ ቢያንስ 43 ወይም 44 ሚሊ ሜትር መኖር አለበት። ወደ 285/70 አር 17 ከሆነ 27.5 ሚሊ ሜትር ሲደመር 30፣ እንዲሁም ስፋቱ በ20 ስለጨመረ በውስጥም በውጭም 10፣ 10 ሚሊ ሜትር።

ለጭቃ የሚተወውን 3 ሳንቲ ሜትር ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ጎማው በደረቅ መሬት ሳይነካ ስለዞረ «ገባ» ይባላል። ዋልካ ላይ ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ የውስጡን ፕላስቲክ ይገነጥላል፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ይጎትታል። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀው ሞተሩ ያለ ምክንያት ሲከብደው ነው።

«መኪናውን ከፍ አስደርገዋለሁ» የሚለውም ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ስፕሪንግ ወይም ባሌስትራ ሲቀየር ቦዲው ከፍ ይላል እንጂ ጎማው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሲገፋ የሚደርስበት ቦታ ያው ነው፣ እንቅስቃሴውን የሚገታው ማቆሚያ ላስቲክ ካልረዘመ በቀር። መሪ ሲዞር የሚነካው ከኋላው ስለሆነም ከፍታው ብዙ አይረዳውም። 285/70 አር 17 ምንም ባልተነካ ሃይሉክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

4. ቸርኬው

እያንዳንዱ የጎማ ስፋት የሚፈቀድለት የቸርኬ ስፋት አለው። 7.50 አር 16 ጎማ በ5.5 ወይም በ6 ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል፤ 235/85 አር 16 ከ6 እስከ 7.5 ኢንች፤ 265/75 አር 16 ደግሞ ከ7 ኢንች ጀምሮ ነው። 265 ጎማ በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ቢገጠም መሐሉ ያብጣል፣ ጥርሱ መሐል ለመሐል ያልቃል፣ አየር ሲቀነስለትም በቀላሉ ከከንፈሩ ይወጣል።

የብሎኑም ነገር አለ። ሃይሉክስና ፕራዶ ስድስት ብሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው፤ ላንድክሩዘር 100 እና 200፣ የቅርብ ጊዜዎቹ 70ዎችም አምስት ብሎን በ150። ስለዚህ የአንዱ ቸርኬ ለሌላው አይሆንም።

የቸርኬውን አቀማመጥ የሚናገረው ቁጥር «ኢ ቲ» ተብሎ ከጀርባው ተቀርጿል። ኢ ቲ 30 የነበረው በኢ ቲ 0 ሲተካ ጎማው 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። መልኩን የሚወዱለት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን መሪ ሲዞር ጎማው የሚጠርገው ክብ ይሰፋል፣ ፓራውልቱን ይነካል፣ ኩሽኔቱ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ ቦይ ውስጥ መሪው እጅ ይመታል። ቸርኬ መቀየር የግድ ካልሆነ የፋብሪካው ይቆይ።

7.50 አር 16 በሚያደርጉ ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው ባለ ቀለበት ቸርኬ ካላማዳሪና ፍላፕ (ካላማዳሪውን ከቸርኬው የሚከላከል ላስቲክ) ይፈልጋል፤ ካላማዳሪ የሌለው ጎማ አይሆነውም። ሲነፋ ቀለበቱ ካልተቀመጠ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው በብረት ሳጥን ውስጥ ወይም በሰንሰለት አስሮ ካልነፋው ሌላ ጎሚስታ ይፈልጉ፤ ሲነፋም ፊት ለፊቱ አይቁሙ።

5. የሚሸከመው ክብደት

ከልኩ ቀጥሎ እንደ 112 ኤስ ወይም 121/118 ኪው ያለ ጽሑፍ አለ። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ነው፦ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 115 ማለት 1,215፣ 121 ማለት 1,450፣ 123 ማለት 1,550። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው፦ ኤን 140፣ ኪው 160፣ ኤስ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከፋብሪካው ቁጥር በታች በፍጹም አይግዙ። እህል ወይም የውሃ ሮቶ የሚጭን ፒክአፕ «ኤል ቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የተጻፈበት፣ 8 ወይም 10 ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ) ጎማ ያስፈልገዋል፤ ጎኑም ከድንጋይ ይተርፋል። ባዶውን ለሚሄድ ፕራዶ ግን 10 ፕላይ ደረቅ ነው፤ አየር ቢቀነስለትም አይተኛም፣ ስለዚህ የተገዛበትን ሥራ አይሠራም።

6. ማርሽና ፍሬን ምን ይሆናሉ?

ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ቁመት መሄድ የ3.5 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል ትክክለኛው 103 ይሆናል፤ ሞተሩም ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም። ከ777 ወደ 834 ግን ከ7 በመቶ በላይ ነው፤ 100 ሲል 107፣ ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል። ተርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ 7 በመቶ ሲጨመርበት ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ የሚያወጣው የነበረው አንደኛ ይጠይቃል። ሾፌሩ በፍሪሲዮን ማገዝ ይጀምራል፣ ፍሪሲዮኑም ይነድዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ደግሞ ትልቁና ከባዱ ጎማ የፍሬኑን ሥራ ያበዛዋል፤ የሞተር ፍሬኑም ይዳከማል።

አምስቱም ጎማ፣ ስኮርታው ጭምር፣ አንድ ልክ ይሁን። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚነዳው ፕራዶ ላይ የፊትና የኋላ ቁመት ከተለያየ የመሐሉ ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራና ይሞቃል። ሃይሉክስ ላይ ስኮርታው የሚንጠለጠለው ከጭነት ሳጥኑ ሥር ስለሆነ አዲሱ ልክ እዚያ መግባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

7. ጥርሱና ዕድሜው

«ኤም ኤስ» የሚለው ምልክት ብቻውን የጭቃ ጎማ አያደርገውም፤ ብዙ የአስፋልት ጎማም አለው። እውነተኛው የጭቃ ጎማ «ኤም ቲ» ይባላል፤ አዲስ ሲሆን ጥርሱ ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው፣ በትላልቅ ጥርሶቹ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት ይገባል፣ ትከሻውም ላይ ጥርስ አለው። ሳምንቱን አስፋልት ላይ ውሎ ቅዳሜ ገጠር ለሚወጣ «ኤ ቲ» (ለሁሉም ዓይነት መሬት የሚሆን ጎማ) ይበቃል። ኤም ቲ እርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል።

ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይፈልጉ። 2324 ማለት በ2024 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መደብር ውስጥ አምስት ዓመት የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካዩ ይተዉት።

8. ከተገጠመ በኋላ

አየሩ አስፋልት ላይ በሩ ላይ የተጻፈው ነው፤ ከተራ ጎማ ወደ ኤል ቲ ከተዛወሩ ከ5 እስከ 8 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጨምረው ይጀምሩ። ሥር ባለው ጭቃ 265 ጎማ ላይ 22 ፒ ኤስ አይ በቂ ነው፤ በጣም ሲከብድ 18። ከ15 በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ካላማዳሪ ያለው 7.50 ጭነት ይዞ ከ28 በታች አይውረድ። አየር በተቀነሰ ጎማ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይንዱ፣ አስፋልት ከመውጣትዎም በፊት ይሙሉት፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰር ከጎማው ጋር የሚገዛ ዕቃ ነው።

ካላማዳሪ ባለው ጎማ ላይ ከጎማው ጎን ጀምሮ ወደ ቸርኬው የሚያልፍ አንድ መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ። ከጭቃ ሲወጡ መስመሩ ተቆርጦ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ከሆነ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሯል፤ ካላማዳሪውንም ይዞት ዞሯል፤ ቫልቩም እየዘመመ ነው። ያኔ አየር ይጨምሩና ጎማውን አስፈትተው ያስተካክሉ፤ ቢቀጥሉ ቫልቩ ከሥሩ ይቆረጣል።

መጀመሪያ ቀን መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው በዝግታ ጉብታ ላይ ያውጡት፣ ከዚያ በባትሪ ፓራፋንጎው ውስጥ አዲስ ጭረት ይፈልጉ። የቸርኬውን ዳዶዎች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ደግመው ያጥብቁ። አላይመንትና ባላንስ ያሠሩ፤ ባላንስ ከተሠራ በኋላ መሪው ቢንቀጠቀጥ አስቀድመው የቸርኬውን ውስጥ ይመልከቱ፣ የደረቀ ጭቃ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ጎማዎቹን ስኮርታውን ጨምረው ያዘዋውሩ፤ አለዚያ በሁለት ክረምት ውስጥ የስኮርታው ቁመት ከሌሎቹ ይለይና ፕራዶ ላይ ለረጅም መንገድ ሊገጠም የማይችል ይሆናል።